ሰማንያ ስምንተኛው ፋይል

እሳቱ ትንሽ ነበር። በአሜሪካዋ ኮሎምበስ ከተማ፣ ፍራንክሊንተን ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ ፋብሪካ በነበረ፣ አሁን ግን በየክፍሉ ተሸንሽኖ ለዕቃ ማከማቻ በሚከራይ የጡብ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተነሣ፤ ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ መርጫም ብዙ ሳይቆይ አጠፋው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሩን ሲከፍቱ ግን በጥቁር ውሃ ውስጥ በጎናቸው የተኙ አንድ ሽማግሌ አገኙ። ከጆሯቸው በላይ ቆስለዋል፤ ትንፋሻቸው ሄድ መለስ ይላል። አጠገባቸው ክዳኑ የተከፈተ ትልቅ የብረት ሳጥን አለ፤ በውስጡም ግማሹ የነደደ፣ ግማሹ የራሰ የወረቀት ክምር።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱም በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። ሽማግሌው አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ዐርብ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ዐረፉ።

የኮሎምበስ ፖሊስ መርማሪ ሐምራዊት ጣሰው ጉዳዩን የተረከበችው በዚያው ዐርብ ነው። አለቃዋ ለእሷ የሰጣት ወረቀቶቹ በአማርኛ የተጻፉ ስለሆኑ ነበር። ከወላጆቿ ጋር በዲቪ ስትመጣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ስለዚህ አማርኛውን ታነባለች፤ የእጅ ጽሑፍ ሲሆን ብቻ ቀስ ትላለች። ቀስ ማለት ደግሞ ጠባይዋም ነው። ባልደረቦቿ አንድ ሰው አነጋግረው ሲመለሱ፣ እሷ ያንኑ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ልታነጋግር ትሄዳለች።

ሟቹ አቶ ልዑልቃል ይባላሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በደርግ ዘመን በአንድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በ1983 ጦሩ ሲበተን ሁሉም ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ እሳቸው የቁስለኞቹን ፋይል በሳጥን ጭነው ወጡ። አሜሪካ ከመጡ በኋላም በየጊዜው በሰው ሻንጣ ጥቂት በጥቂቱ አስመጧቸው። ላለፉት ስድስት ዓመታት ሥራቸው አንድ ነበር፤ ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል ከጦር ሜዳ ሳይመለስ የቀረበት ሰው ሲመጣ፣ የጠፋውን ስም ከፋይሎቹ ጋር ያመሳክራሉ። ሲገኝ ይነግራሉ፤ ሳይገኝም ይነግራሉ። ለዚህ ከማንም አምስት ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም።

እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይመታል? ሐምራዊት በማስታወሻዋ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፈችው ጥያቄ ይህ ነበር።

*

ለቅሶው የተቀመጠው ዋይትሆል በሚባለው አካባቢ፣ ሟቹ ከእህታቸው ልጅ ከዳጊ ጋር በሚኖሩበት አፓርትመንት ነበር። ዳጊ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በገዛ መኪናው ሰው ያመላልሳል። መርማሪዋን ወደ ጓዳ ወስዶ አነጋገራት። አጎቱ ጠላት እንዳልነበራቸው፣ ማክሰኞ ጠዋት ሻይ ጠጥተው በአውቶቡስ እንደወጡ፣ እሱ ራሱ ከሰዓቱን ሙሉ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ እንደዋለ ነገራት። ይህን ሁሉ ሲናገር አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላያትም።

«ሆስፒታሉ የት ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

«ታች ነው የሚሉት። ‹እኛ ታች ሳለን› ይላሉ። ታች የት እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም» አላት።

ከአጎቱ ትራስ ሥር አንድ ደብተር አውጥቶ ሰጣት። በአንድ በኩል ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አሥራ አራት የፋይል ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ስም ግን አልተጻፈም። «የሰው ምሥጢር ነው፤ ስም ደብተር ላይ አይሰፍርም» ይሉ ነበር አለ ዳጊ። በሌላው በኩል ዘመድ ጠፍቶባቸው የጠየቋቸው የአሥራ አንድ ሰዎች ስምና ስልክ አለ።

ሐምራዊት ስትወጣ የዳጊን መኪና ዞር ዞር ብላ አየችው። ኋላ መቀመጫው ላይ ግማሽ የደረሰ ትልቅ የእጅ ማጽጃ አልኮል ተቀምጧል። እሳቱ የተለኮሰው በእንዲህ ያለ አልኮል እንደሆነ የእሳት አደጋ ባለሙያው ጠዋት ነግሯታል። ኮሎምበስ ውስጥ ያንን ጠርሙስ በመኪናው የማይዝ ሾፌር እንደሌለ ታውቃለች። ቢሆንም ጻፈችው። በማግስቱ ዳጊ የሚሠራበት ኩባንያ መልስ ሲልክላት ግን ነገሩ ከጠርሙስ አለፈ፤ ማክሰኞ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ተሳፋሪ የሚቀበልበት አፕ ተዘግቶ ነበር። ኤርፖርት የሚባል ነገር የለም።

ጠርታ ጠየቀችው። ሾርት ኖርዝ ሰፈር ያለ አንድ ሬስቶራንት ስም ነገራት። «ፍርዶስን ጠይቂያት» አላት።

ፍርዶስ ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ጓሮ ወጥታ አነጋገረቻት። ማክሰኞ እለት እረፍት ላይ ነበረች። ከዳጊ ጋር አብረው የሚኖሩበት አፓርትመንት ሲያዩ ውለው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የኪራይ ውል ፈርመዋል፤ የአከራዩ ቢሮ ካሜራም ሆነ የፊርማው ሰዓት ይመሰክራል። እሷ ሙስሊም እሱ ክርስቲያን ስለሆኑ ከሁለቱም ቤተሰብ የሚያውቅ የለም።

«ጋሼ ልዑልቃል ብቻ ያውቁ ነበር» አለች ፍርዶስ። «‹ወረቀቱን ሳትፈራረሙ ለማንም አትንገሩ፤ የተፈረመ ነገር ሲያዩ ሰዎች ይለዝባሉ› ያሉን እሳቸው ናቸው።»

ዳጊ ለምን እንደዋሸ ለመገመት አስቸጋሪ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ እናቱ በቅርብ ተቀምጠው የፍርዶስን ስም ማንሣት አልሆነለትም። ሐምራዊት ከሬስቶራንቱ ወጥታ የቢሮውን ቪዲዮ አየች። ሁለቱም ነበሩ። ዳጊን ከዝርዝሩ ሰረዘችው።

*

ከዚያ ቆጠራ ጀመረች።

ፋይሎቹ በሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብለው ቆመው ስለነበር እሳቱ የበላው ከላይ ከላያቸውን ነው። ክፉው ነገር ደግሞ የሆስፒታሉ ስምና ማኅተም፣ የወታደሩም ስም፣ የተጻፈው ከላይ ነበር። የተረፈው ታችኛው ግማሽ ነው፤ ቁስሉ፣ ሕክምናው፣ ቀኑ። ሁለት ቀን ሙሉ ጓንት አጥልቃ የማስረጃ ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። እያንዳንዱ ፋይል በአንድ የብረት ማያያዣ የተያዘ ነበር፤ ብረት ደግሞ በእንዲህ ያለ እሳት አይጠፋም። ማያያዣዎቹን ሦስት ጊዜ ቆጠረቻቸው። ሦስቱም ጊዜ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሆኑ። ደብተሩ የሚለው ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው። በፋይሎቹ ግርጌ የተጻፉትን ቁጥሮች ስታመሳክር የጎደለው ታወቀ፤ ሰማንያ ስምንት።

አልተቃጠለም ማለት ነው። ተወስዷል። ሌላው ሁሉ የነደደው ያ አንዱ መጉደሉ እንዳይታወቅ ነው።

ሰማንያ ስምንት ማን ነበር? ይህን የሚያውቁት ሞተዋል። እዚያ ሆስፒታል የሠራ ሌላ ሰው ቢገኝ ግን ያስታውስ ይሆናል። እሱን ለማግኘት ሆስፒታሉን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሆስፒታሉ ስም ደግሞ የለም። ከሳጥኑ ሥር ተጋድሞ የራሰ አንድ ወፍራም የመዝገብ መጽሐፍ ነበር፤ ገጾቹ ተጣብቀው አንድ ጡብ ሆነዋል። ያረጀ ወረቀት ለምታክም አንዲት ባለሙያ ላከችው። ባለሙያዋም ጊዜ እንደሚወስድ ነገረቻት።

እስከዚያው ደብተሩ ላይ ያሉትን አሥራ አንድ ሰዎች አንድ በአንድ አነጋገረች። ሰባተኛዋ እትዬ ዓለምነሽ ነበሩ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ሲሆን ዋይትሆል ውስጥ ከባለቤታቸው ከጋሼ ጎሳዬ ጋር ይኖራሉ። ጋሼ ጎሳዬ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ፣ ሲጣላ የሚያስታርቁ። ቤት ለቤት አረጋውያንን በመንከባከብ ይሠራሉ።

እትዬ ዓለምነሽ የመጀመሪያ ባላቸው ሃምሳ አለቃ ጎሹ እንደሚባሉ፣ ሰሜን ግንባር ዘምተው በ1982 አስመራ ሆስፒታል ውስጥ እንደሞቱ ነገሯት። ልጃቸው ምህረት ያኔ የአራት ወር ሕፃን ነበረች። መርዶውን ያመጡላቸው እዚያው ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢ፣ የነበሩት ጋሼ ጎሳዬ ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላም ተጋቡ።

«በእጁ ነው የሞተው። አፈር ያለበሰውም እሱ ነው» አሉ እትዬ ዓለምነሽ፣ ወደ ባላቸው እያዩ። «ምህረት ግን ‹መቃብሩን ሄጄ ልይ› አለችኝ። ጋሼ ልዑልቃል ይፈልጉልኝ ብዬ ጠየቅኳቸው። እየፈለግሁ ነው እንዳሉኝ ቀሩ።»

ሐምራዊት የጥቂት ወረቀቶችን ፎቶ አወጣች። ጋሼ ጎሳዬ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩ።

«አስመራ ነው። ካርዱን ዐውቀዋለሁ» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እዚያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ልጄ።»

እንደ ሁሉም ጠያቂዎች ማክሰኞ የት እንደዋሉም ጠየቀቻቸው። እትዬ ዓለምነሽ መጋዘን ሥራ ላይ ነበሩ። ጋሼ ጎሳዬ ከሁለት እስከ ስምንት ሰዓት የሚንከባከቧቸው አንድ የዘጠና ዓመት አዛውንት ቤት ሺፍት ላይ ነበሩ። ኩባንያው ሲጠየቅ ሰዓቱ በስልካቸው በትክክል ተሞልቶ ተገኘ።

*

አስመራ የሚለው ቃል አንድ ሳምንት በላባት። አትላንታና ዋሽንግተን ያሉ የድሮ የጦር ሐኪሞችን፣ አስመራ ያገለገሉ ነርሶችን እየደወለች ጠየቀች። ልዑልቃል የሚባል የመዝገብ ቤት ሰው የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ ጡረተኛ ሐኪም እንዲያውም የካርዱን ፎቶ በስልክ አይተው፣ እዚያ እንዲህ ያለ ቅጽ አልነበረንም አሏት። ሰው ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ቢሳሳት አይገርምም ብላ አለፈችው።

ከዚያ የማንበቡን ሥራ አጥብቃ ያዘች። በየምሳ ሰዓቱ አሥር አሥር ፋይል ታነባለች። በአርባኛው አካባቢ ይመስላል እጇ ቆመ። «በሙቀት ራሱን ስቶ ገባ» ይላል። ወደ ኋላ ተመልሳ ስታይ ሌላም አገኘች፤ ከዚያ ሌላ። በሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ውስጥ ሃያ ስድስት ወታደሮች በጥይት ሳይሆን በሙቀት ወድቀው ገብተዋል። አባቷ አስመራ የቀይ ኮከብ ዘማች ነበሩ፤ የእዚያን ብርድ ሲያወሩ ነው ያደገችው። አስመራ ደጋ ነው። ደጋ ላይ በሙቀት ማን ይወድቃል?

አንዱ ካርድ ላይ ደግሞ «በመርከብ ገባ» የሚል አለ። ሌላው ላይ «ለተጨማሪ ሕክምና ወደ ላይ ተላከ»። የመጀመሪያው ፋይል የካቲት 1982 ተከፍቷል፤ ምጽዋ የወደቀችበት ወር ነው። የመጨረሻው ሚያዝያ 1983። ስለዚህ ምጽዋም ሊሆን አይችልም። ሞቃት፣ ባሕር ዳርቻ፣ ከምጽዋም በኋላ በመንግሥት እጅ የቆየ። ዳጊ ‹ታች› ያለው ትዝ አላት።

በዚያው ሳምንት ወረቀት የምታክመው ባለሙያ ደወለች። መዝገቡ ተከፍቷል። ግን አንድ ያልጠበቀችው ነገር ገጥሟታል፤ ወረቀቱ ሁሉ በጨው ተሞልቷል። ውሃውን ስታደርቀው ጥርስ የመሰለ ነጭ ጨው በየእጥፋቱ ይወጣል። ወረቀቱ ጨው ባለበት ቦታ ለወራት የተቀመጠ ነው አለች። ከዚያ ስለ ገጾቹ አስረዳች። ስሞቹ በቀለም ብዕር የተጻፉ ስለሆኑ ታጥበው ጠፍተዋል። ቁስለኛው ሲወጣ የተሞላው ክፍል ግን በእስክሪብቶ ነው፤ ይነበባል።

ሐምራዊት በዚያው ሰዓት ሄዳ ሰማንያ ስምንተኛውን መስመር አየች። ስሙ ያለበት ቦታ ሰማያዊ ጉም ሆኗል። ከጎኑ ግን፣ «ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ተቆርጦ፣ ድኖ ወጣ። ሐምሌ 14 ቀን 1982።» ከዚያ ያስወጣው ሠራተኛ ፊርማ፤ ጭራው ወደ ኋላ የተጠመዘዘ።

ድኖ ወጣ። የጠፋው ፋይል የሟች አልነበረም።

*

ፍርዶስ የደወለችላት ሐሙስ ነው። ዳጊ ጉዳዩ ስለ አንድ የጦር ሆስፒታል እንደሆነ ነግሯታል፤ አክስቷ ሲስተር ሙኒራ ደግሞ በዚያ ዘመን ደሴ ላይ የጦር ሠራዊት ነርስ ነበሩ። «ሰው ስለማይጠይቃቸው ነው እንጂ ሁሉንም ያስታውሳሉ» አለች።

ሲስተር ሙኒራ ሶፋቸው ላይ ወረቀቶቹን ዘርግተው ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ ያነባሉ። አንድ ካርድ ገልብጠው ጀርባውን አዩት። የታተመ ሰንጠረዥ አለ፤ «የተፈጨ»፣ «ያልተፈጨ»፣ «ኩንታል»። ሐምራዊት ያንን አይታው የእህል መስሏት አልፋው ነበር።

«ጨው ቤት» አሉ ሲስተር ሙኒራ።

«ምን አሉኝ?»

«ጨው ቤት ነው። ከአሰብ ወጣ ብሎ የጨው መጋዘን ነበር። ምጽዋ ሲወድቅ ቁስለኛው በመርከብ ሲጎርፍ አልጋ ዘርግተው ሆስፒታል አደረጉት። ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ብቻ። ወረቀት ስላልነበራቸው በጨው ማስረከቢያው ቅጽ ጀርባ ይጽፉ ነበር። ከባድ ከባዱን ወደ እኛ ወደ ደሴ ይልኩታል። ከእነሱ የሚመጣ ቁስለኛ ሲፈታ ፋሻው ይንኮሻኮሻል፣ እንደ ቆርቆሮ። በባሕር ውሃ ያጥቡት ነበር።»

ሐምራዊት እዚያ የሠራ የሚያውቁት ሰው እንዳለ ጠየቀቻቸው። ልዑልቃልን በስም እንጂ በአካል አያውቋቸውም፤ ከቁስለኞቹ ጋር በሚመጣው ደረሰኝ ላይ ፊርማቸውን አይተዋል። በአካል የሚያውቁት ቁስለኞቹን በመኪና አጅቦ ደሴ ድረስ የሚያመጣውን ድሬሰር ነው። ሰባት ስምንት ጊዜ መጥቷል። ቀጭን፣ ትሑት፣ ጽሑፉ የሚያምር።

«ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ ገበያ ውስጥ አየሁት መሰለኝ። በስሙ ጠራሁት። ‹ተሳስተሻል እህቴ፣ እኔ ደሴን አላውቃትም› አለኝ። አረጀሁ ብዬ ተውኩት።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«ጎሳዬ።»

ሐምራዊት የእስክሪብቶዋን ክዳን ዘጋች። ሌላ የምትጽፈው አልነበራትም።

*

የቀረው ሺፍቱ ነበር። ኩባንያው የላከላት ወረቀት ጋሼ ጎሳዬ ከሁለት እስከ ስምንት ሥራ ላይ እንደነበሩ ይላል፤ ወረቀቱ የሚያውቀው ግን ስልካቸው ሲገቡና ሲወጡ የመዘገበውን ብቻ ነው። ሐምራዊት የአዛውንቱን ቤት አንኳኳች። ልጃቸው ከፈተችላት። ማክሰኞን ታስታውሳለች፤ አባቷን ለኩላሊት እጥበት የወሰደችው እሷ ነች። ሁለት ተኩል ላይ ወጥተው ስድስት ላይ ተመለሱ። ጎሳዬ ቤት ቆይቶ ልብስ እንዲያጥብ ነግራው ነበር። ስትመለስም ልብሱ በማጠቢያው ውስጥ እንደራሰ ነበር፤ ረስቶት ነው ብላ ራሷ አውጥታ አሰጣችው። ሰው እንዲህ ላለ ነገር አይወቅስም አለች፤ ጎሳዬ ከልጅ በላይ ነው።

የፍተሻ ፈቃዱ ዐርብ ወጣ። ፋይሉ መኪናቸው ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተገኘ። አንድም ጥግ አልተቃጠለም።

ጋሼ ጎሳዬ የምርመራ ክፍሉ ውስጥ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጠበቃ መያዝ እንደሚችሉ ተነገራቸው፤ አልፈልግም አሉ። ሐምራዊት የመዝገቡን ገጽ ፊታቸው አኖረች።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከጨው ቤት።»

ፊታቸው አልተለወጠም። ትከሻቸው ብቻ እንደ ተነፈሰ ነገር ዝቅ አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ራሳቸው በቅደም ተከተል ነገሯት።

ጎሹ በመርከብ ከመጡት አንዱ ነበር። እግሩ ሲቆረጥ የያዙት እሳቸው ናቸው። ለአምስት ወር ያህል ስለ ሚስቱ ሲያወራ ሰሙት። ፎቶዋን ያሳያቸው ነበር። ጋሼ ጎሳዬ ለእረፍት አዲስ አበባ ሊሄዱ ሲሉ ጎሹ ደብዳቤ ሰጣቸው። እግሬ ቢቆረጥም ደኅና ነኝ፣ ልመጣ ነው የሚል ደብዳቤ። ቀበና፣ ጎሹ ቤት ሄዱ። በሩን የከፈተችላቸው ሕፃን የታቀፈች የሃያ ሦስት ዓመት ሴት ነበረች። ምን ሊናገሩ እንደመጡ ያውቁ ነበር፤ ራሳቸውን ሲናገሩ የሰሙት ግን ሌላ ነው። ‹አስመራ ሞተ› አሉ። አስመራ መንገዱ የተዘጋ ነበር፤ ሄዶ የሚያጣራ የለም። ተመልሰው ደግሞ ለጎሹ፣ ሚስትህ ሞተሃል ተብሎ አግብታለች፣ ሕፃኗንም ይዛ ከአገር ወጥታለች አሉት። ጎሹ አላመነም አሉ፤ ግን ደብዳቤው መልስ አላገኘም፤ ባዶ ቤት ላለማየት ሲል ቀበና ሳይመለስ ቀረ። ለዓለምነሽ እውነቱን ሌላ ጊዜ እነግራታለሁ ብለው ነበር። ያ ጊዜ ሳይመጣ ቀረ።

«ጋሼ ልዑልቃል እንዴት ደረሱበት?»

«ፋይሉን አገኘው። ከዚያ አገር ቤት አጠያይቆ ሰውዬውን ራሱን አገኘው። ለሷ ሳይነግራት ለእኔ ነገረኝ። ‹ከእኔ ከምትሰማው ካንተ ትስማው፤ አንተ ስትነግራት ይቀላታል፣ ላንተም ይሻላል› አለኝ። ሳምንት ሰጠኝ። ማክሰኞ ፋይሉን ወስጄ እንድሰጣት አብረን ሄድን። እንቅደደው አልኩት። እንቢ አለ። ገፋሁት። ከብረት መደርደሪያው ጋር ተጋጨ።»



«እርስዎ ድሬሰር ነበሩ። የልብ ምታቸውን ለክተዋል?»

«ለካሁ።»

«ነበረ?»

«ነበረ» አሉ ጋሼ ጎሳዬ። «ከዚያ ነው ወረቀቱን የለኮስኩት።»

ሐምራዊት አንድ ያልገባት ነገር ቀርቷታል። የሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው ወረቀት የለኮሰ እጅ፣ ዋናውን ጠላቱን ያንን ፋይል ለምን አስቀመጠው? ጠየቀቻቸው።

«የቅርብ ቤተሰብ የሚል መስመር አለው» አሉ ኮፍያቸውን እያዩ። «ዓለምነሽ ይላል። በእኔ ጽሑፍ። ስሟን ማቃጠል አልቻልኩም።»

*

ሐምራዊት እትዬ ዓለምነሽ ቤት የሄደችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ምህረትም ነበረች፤ ከሥራ መጥታ የነርስነት ዩኒፎርሟን አልቀየረችም። ባለፈው ሌሊት አንዳቸውም እንዳልተኙ ፊታቸው ይናገራል። ሁለቱም ጋሼ ጎሳዬ የሰጡትን ቃል ሰምተዋል። ሰው መግደላቸውን ሰምተዋል። ጎሹ ድኖ መውጣቱንም ሰምተዋል።

ምህረት ብዙ አልተናገረችም። ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ሲያማት አጠገቧ ያደረው፣ ስትመረቅ ያለቀሰው ሰው እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ዳድ ነው የምለው። ዛሬስ ምን ብዬ ልጥራው?» ብላ እናቷን ጠየቀች። መልስ አልጠበቀችም፤ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች።

እትዬ ዓለምነሽ የጠየቁት ስለ ሌላ ነገር ነበር። ጋሼ ልዑልቃል ሲሞቱ ሥቃይ ነበረባቸው ወይ አሉ። ሐምራዊት ሐኪሞቹ ያሏትን ነገረቻቸው፤ ከወደቁ በኋላ አልነቁም። እትዬ ዓለምነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ነኝ የላክኋቸው» አሉ። ሐምራዊት አይደሉም ልትል አፏን ከፈተች፤ ሴትየዋ ግን መጽናናት የፈለጉ አይመስሉም ነበርና ተወችው።

ከቦርሳዋ የፋይሉን ኮፒ አወጣች። የመጨረሻው ቅጠል አዲስ ወረቀት ነው፤ ጽሑፉ የጋሼ ልዑልቃል። ራሷ ልታነብላቸው ብትል እትዬ ዓለምነሽ መነጽራቸውን አድርገው ተቀበሏት።

«ሃምሳ አለቃ ጎሹ አዳማ ይኖራል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ሁለት ጊዜ አነጋግሬዋለሁ። አላገባም። እዚህ መኖሯን አልነገርኩትም፤ መጀመሪያ እሷ ትስማ፣ ከዚያ የምትሻውን ታድርግ።» ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ።

እትዬ ዓለምነሽ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ስንት ሰዓት ነው እዚያ ሲሉ ጠየቁ። ምህረት ከመስኮቱ ሳትዞር ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሐምራዊት ዛሬ መደወል ግዴታ እንዳልሆነ፣ ቁጥሩ የትም እንደማይሄድ ተናገረች። ልትሄድም ተነሣች።

«ተቀመጪ» አሏት። «ድምፄ እንቢ ካለኝ አንቺ ታናግሪልኛለሽ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ራሳቸው ነኩት። አራት ጊዜ ጠራ። አምስተኛው ላይ ተነሣ። ከበስተኋላ ጣቢያ የሚፈለግበት ሬዲዮ ይሰማል፤ አንዴ ዜና፣ አንዴ ዘፈን፣ አንዴ ጩኸት።

«ሃሎ» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

«ጎሹ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ዓለምነሽ ነኝ።»

ሬዲዮው ዝናብ የመሰለ ድምፅ ያሰማል። ምህረት ከመስኮቱ ተመልሳ ከእናቷ ወንበር ኋላ ቆመች።

«የትኛዋ ዓለምነሽ?»

እትዬ ዓለምነሽ አንድ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ምህረት ያዘችው።

«የቀበናዋ» አሉ። «ደብዳቤህ አልደረሰኝም።»

ጎሹ ከወዲያ በኩል ሬዲዮውን ዘጋው።